የማክሰኝት ፀሐይና የማክሰኝት አቧራ

ማክሰኝት ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፥ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፥ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ተጓዥ ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞን፥ ቀጥሎም ጠዳን ካለፈ በኋላ ተራራው በስተግራ ሲቀር፥ ሜዳው ደግሞ በስተቀኝ ወደ ጣና ሐይቅ አቅጣጫ ሲዘረጋ ይመለከታል። ስሟ ከማክሰኞ ጋር ዝምድና ያለው መሆኑን ጆሮ ወዲያው ይነግረናል። ሀገርን በሳምንቱ ቀን ስም መጥራት በዚህ አካባቢ እንግዳ ልማድ አይደለም፤ በዚሁ ጎዳና ወደ ባሕር ዳር ሲቃረቡ ሐሙሲት የምትባል ከተማ አለችና።

በሜዳው ላይ የሚበዛው አፈር ዋልካ ነው። ይህ አፈር ሁለት ጠባይ ያለው መሆኑን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ዝናብ ሲመታው ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከብትና ሰው፥ ጋሪና መኪና ሲመላለስበትም ደቅቆ ዱቄት ይሆናል። ከጥር ወር ጀምሮ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ይህ ዱቄት ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ በቁጥቋጦው፥ በአጥሩ፥ በልብሱና በጣራው ላይ ያርፋል። እኛም በየካቲት ወር በዚያ ስናልፍ በአውራ ጎዳናው አጠገብ ያሉት የግራር ቅጠሎች አረንጓዴነታቸውን ጥለው የመሬቱን መልክ ይዘው አገኘናቸው።

ዓይናችንን የሳበው ግን ቅጠሉ ሳይሆን ጣራው ነው። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር በጎዳናው ላይ ያሉትን ከተሞች ቢያገኝም፥ ከጎዳናው ርቀው በየጎጡ ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ መብራት የሚያገኙት ከፀሐይ ነው። በቆርቆሮው ላይ፥ በሣር ክዳን ቤትም ከሆነ በግቢው ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ፥ ሕዝቡ ባጭሩ «ሶላር» የሚለው ሰሌዳ ተቀምጦ ይታያል። ሰሌዳው ሲገዛ መልኩ ጥቁር ሰማያዊ ነው። በየካቲት ወር ያየናቸው ሰሌዳዎች ግን ከግራሩ ቅጠል ጋር አንድ መልክ ነበሩ። አንዳንዶቹ ሰሌዳ መሆናቸው የሚታወቀው በአራቱ ማዕዘናቸው ብቻ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የነገሩ ግርምት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሀገር ፀሐይ የምትበረታባቸው ወራት አቧራ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። ክረምቱ መስተዋቱን አጥቦ ያጠራዋል፤ ነገር ግን ሰማዩን በደመና ይሸፍናል። በጋው ሰማዩን ይከፍታል፤ መስተዋቱን ግን ይሸፍናል። ከሁለቱ መጋረጃዎች ደመናውን ልንገፍ አንችልም፤ አቧራውን ለመግፈፍ ግን አንድ እራፊ ጨርቅና ጥቂት ውኃ ይበቃል።

የፀሐይ ሰሌዳ ማለት በመስተዋት ሥር በተርታ የተደረደሩ ስስ የሲሊከን ሴሎች ማለት ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ለሥራ የሚበቃው የመጀመሪያው የሲሊከን ሴል በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ ሲታይ፥ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 6 እጅ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር፤ የዛሬዎቹ ጥሩ ሰሌዳዎች ከመቶ 20 እጅ በላይ ይለውጣሉ። በሀገራችንም ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎዋት ኃይል ያለው የፀሐይ ጣቢያ ተተክሎ ለ300 ያህል አባወራዎች መብራት ሰጥቷል። ከዚያም ወዲህ በእኛው በአማራ ክልል፥ በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በሬማ፥ በየቤቱ ሰሌዳ ተሰቅሎ፥ የሚተክሉና የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ነበር። ሰሌዳ ከሰጡ በኋላ ጠባቂውን ማስተማር የሚገባ መሆኑን የሬማ ሰዎች ከብዙዎች ቀድመው ተረድተውታል።

የአቧራው ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በቤት ሒሳብ እንመልከተው። በቀትር ጊዜ በጠራ ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል፤ በኢትዮጵያ ያለው የዓመቱ አማካይ ደግሞ በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መሆኑ ተጠንቷል። በገጠር ቤት የተለመደው ባለ 10 ዋት ሰሌዳ በመልካም የበጋ ቀን፥ በሽቦና በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ፥ 40 ዋት ሰዓት ያህል ያስገባል እንበል። ባለ 2 ዋት አምፖል በዚህ 20 ሰዓት ይበራል። ይህም ማለት ሦስት አምፖሎች ከምሽት እስከ መኝታ ስድስት ስድስት ሰዓት ሊበሩ ይችላሉ ማለት ነው። አቧራው ከብርሃኑ አምስተኛውን ቢከለክል 8 ዋት ሰዓት ይጎድላል፤ ይህም የአንዱ አምፖል አራት ሰዓት ነው። በዚያች አምፖል ሥር የሚያጠና ልጅ ካለ የጎደለው ቁጥር ብቻ አይደለም።

አቧራው ይህን የሚያደርገው ክብደት ኖሮት አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ጥቂት ግራም ብቻ የሆነ ሽፋን እንኳ ብዙ ብርሃን ይከለክላል። እያንዳንዱ ቅንጣት ከደረሰበት ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፥ ከፊሉን ወደ ሰማይ መልሶ ይበትናል። ቅንጣቱ ይበልጥ በደቀቀ መጠን በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ቅንጣት ይበዛልና ከሸካራው አሸዋ ይልቅ ዱቄት የሚመስለው ትቢያ ይከፋል። በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ አንድ ምርመራ የከሰል ጥቀርሻ፥ የሲሚንቶና የኖራ ድንጋይ ትቢያ ተነጻጽረው ነበር፤ በእኩል ክብደት ከሁሉ የባሰው ጥቀርሻው ሆኖ ተገኘ። የማድ ቤት ጢስ በየቀኑ በሚነሣበት ግቢ ይህ ነገር የሚናቅ አይደለም።

በሌላው ዓለም ያሉ ሊቃውንት ስለዚህ ጉዳይ መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 በቦስተን አካባቢ የፀሐይን ሙቀት የሚሰበስቡ መስተዋቶችን የመረመሩ ሁለት ሊቃውንት፥ እድፉ ከሁሉ በበዛበት ጊዜ እንኳ ጉድለቱ ከመቶ 4.7 መሆኑን ጽፈዋል። ቦስተን ግን ዓመቱን ሙሉ ዝናብና በረዶ የማያጣ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሳዑዲ ዓረቢያ ስድስት ወር ሳይጠረግ የቆየ ሰሌዳ በተመረመረ ጊዜ ጉድለቱ ከመቶ 40 ደርሶ ተገኘ። ማክሰኝት ቦስተንም አይደለችም፥ በረሓም አይደለችም። አራት ወር ያህል የሚያጥብ ዝናብ፥ ሰባት ወይም ስምንት ወር ያህል ደግሞ የሚያለብስ ነፋስ አላት። ስለዚህ በበጋው መጨረሻ ያልተጠረገ ሰሌዳ ወደ በረሓው እንደሚያዘነብል ማሰብ ይገባል።

ሰው በሌለበት ዓለም ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይልቅ ይብሳል። በማርስ ላይ እንዲቀመጥ የተላከው ኢንሳይት የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ሲያርፍ ሰሌዳዎቹ በቀን 5,000 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጡት ነበር። በ2022 የጸደይ ወራት ግን የማርስ ቀይ አቧራ ስለ ሸፈናቸው ወደ 500 ወረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም መሣሪያው ጸጥ አለ። ኦፖርቹኒቲ የሚባለው ሌላው መሣሪያ ለ90 ቀን ታስቦ ተልኮ ከ14 ዓመት በላይ የሠራው፥ አልፎ አልፎ ነፋስ እየመጣ ሰሌዳውን ስለ ጠረገለት ጭምር ነበር። እርሱንም በመጨረሻ ዝም ያሰኘው እ.ኤ.አ. በ2018 የተነሣው የአቧራ ማዕበል ነው። ያን ያህል ሊቅ ያሰበበትና ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት መሣሪያ ያጣው፥ መሰላል ወጥቶ በጨርቅ የሚያብስ አንድ ሰው ነበር።

ከማክሰኝት ወጣ ባለ አንድ መንደር በአንድ አረጋዊ ቄስ ቤት አደርን። ባትሪው ከመደቡ ሥር፥ መቆጣጠሪያው ከምሰሶው ላይ ነበር። የቄሱ የልጅ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቅ ልጅ ናት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በመቆጣጠሪያው ላይ ቀይ ምልክት በራና አምፖሎቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ልጅቱ ምንም ሳትናገር ኩራዙን አምጥታ ለኮሰች፤ ዝምታዋም ይህ የየዕለቱ ነገር መሆኑን ነገረን። ቄሱ ግን ስለ እንግዶቻቸው አፍረው፥ «ባትሪው ሞቷል፥ ልጆቼ፤ ከተማ ወስደን ስናሳየው አዲስ ግዙ ተባልን፤ ለፋሲካ ያሰብናትን በግ ሳንሸጣት አንቀርም» አሉን።

እኛም፥ «አባታችን፥ ሰሌዳውን አጥባችሁት ታውቃላችሁን?» ብለን ጠየቅን።

«ፀሐይ እንዲህ እያቃጠለች ባትሪው ካልጠገበ ጥፋቱ የባትሪው ነው እንጂ የፀሐይ ሊሆን አይችልም» ብለው መለሱ። ነገሩን ለሚያስብ ሰው መልሱ ቀና ነው፤ በፀሐይና በባትሪ መካከል አንድ መስተዋት መኖሩን ብቻ ዘንግቷል። ባለቤታቸው ከምድጃው ዳር ሆነው፥ «እኔ ቤቱን በየቀኑ እጠርጋለሁ፤ ጣራ ላይ ወጥተሽ ጥረጊ ያለኝ ግን የለም» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን።

ሲነጋ መሰላል ተደገፈ። ሰሌዳው የተሰቀለው በማድ ቤቱ ጣራ ላይ፥ ጢሱ በሚወጣበት በኩል ነበር። ጣታችንን ብንስብበት ከኋላው ጥቁር ሰማያዊ መስመር ቀረ፤ ጣታችን ላይ የቀረው ግን ደረቅ አቧራ ብቻ አልነበረም፤ ከጥቀርሻ ጋር ተለውሶ ቅባት የመሰለ ነገር ነበር። በታችኛው ጠርዝ በኩል አንድ ጣት የሚያህል የደረቀ ጭቃ መስመር፥ ከመካከሉም ሁለት ቦታ የወፍ ኩስ አለ።

ስለ ወፍ ኩሱ ትንሽ መናገር ይገባል። ሰው አቧራው ሰሌዳውን ሁሉ ሸፍኖ ሳለ ይህች ነጭ ነጥብ ምን ትጎዳለች ሊል ይችላል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ውስጥ ያሉት ሴሎች፥ በተለመደው ባለ 12 ቮልት ሰሌዳ 36 ያህል፥ አንዱ ከአንዱ ጋር በተርታ የተያያዙ ናቸው። ኤሌክትሪኩ በሁሉም ውስጥ ያልፋል። በጠባብ የገደል መንገድ በአንድ ገመድ ታስረው የሚሄዱ የጭነት በቅሎዎችን ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ አንዲቱ ስትቆም የኋላዎቹ ብርቱ ቢሆኑም ያው ቆሙ። አንድ ሴል በኩስ ወይም በቅጠል ሲሸፈን የሰሌዳው ሁሉ ኃይል በእርሱ ልክ ይወርዳል፤ የሌሎቹም ኃይል በእርሱ ላይ ሙቀት እየሆነ ያቃጥለዋል። በትልልቅ ሰሌዳዎች ውስጥ ይህን የሚያሻግር መተላለፊያ ይገባል፤ በትንንሾቹ ግን ብዙ ጊዜ የለም። የታችኛው ጠርዝ ጭቃም የመጨረሻውን ተርታ ስለሚሸፍን ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ጊዜ ያጠረው ሰው ሁሉን ለማጠብ ባይችል እንኳ ኩሱንና የጠርዙን ጭቃ ያንሣ።

አጥበነው ወረድን። በመንደሩ በቆየንባቸው ቀኖች፥ ለሳምንታት ሞላ ብሎ የማያውቀው መቆጣጠሪያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አረንጓዴ ምልክቱን አሳየ፤ መብራቱም እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቆየ። ቄሱ በጉን ከመሸጥ እንቆይ አሉ። ይሁን እንጂ፥ ሰሌዳው አዲስ ሳለ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራ እንደ ነበር ራሳቸው አስታውሰዋልና፥ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከተማ ያለው ሰው ባትሪው ታሟል ማለቱ ሐሰት አልነበረም፤ የበሽታውን ምንጭ ግን አልፈለገውም።

ምንጩም ይህ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት የሚባል ጨው ይለጠፋል። በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ይህ ጨው ይሟሟና ይመለሳል። ነገር ግን ባትሪው ሳምንት በሳምንት ግማሽ ድረስ ብቻ እየሞላ ቢቆይ፥ ጨው ሳይሟሟ የቀረው እየጠነከረ፥ እንደ ድንጋይ እየደደረ ይሄዳል፤ የደደረውም ከዚያ በኋላ በፀሐይ ብዛት አይመለስም። እንግዲህ አቧራው የዚያን ዕለት መብራት ብቻ ወስዶ የሚሄድ አይደለም፤ ከጣራው ላይ ተቀምጦ ከመደቡ ሥር ያለውን ባትሪ ይበላል። ከዕቃው ሁሉ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚለወጠውም ይኸው ባትሪ ነው። በዚህ ዘመን ብዙዎቹ ትንንሽ የፀሐይ ፋኖሶችና ዕቃዎች የሊቲየም ባትሪ አላቸው፤ ሊቲየም ይህ ሕመም የለበትምና ለእነርሱ የአቧራው ጉዳት በዕለቱ ብርሃን ይወሰናል። ባትሪው ከባድና ባለ አሲድ የሆነበት ቤት ግን የሰሌዳውን መታጠብ እንደ ከብቱ ውኃ መጠጣት ሊቆጥረው ይገባል። በጤና ኬላም የክትባት መድኃኒት በፀሐይ ኃይል በሚቀዘቅዝበት ስፍራ፥ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት መካከል መቆየት ስላለበት፥ ሰሌዳውን የሚጠርግ ሰው አስቀድሞ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል።

የአጠባው ነገር ቀላል ቢሆንም ጊዜና ዘዴ አለው። ጊዜው ማለዳ ነው። በቀትር የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ደረቁን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ማሸትም ደግ አይደለም፤ በአፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ መስተዋቱን ይጭረዋልና። አስቀድሞ ውኃ ማንጠባጠብ፥ ከዚያም በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ማበስ ይሻላል። እመቤቶቻችን ድስትና ብረት ምጣድ በአመድ ፈትገው ማንጻት ለምደዋል፤ አመድም ሆነ አሸዋ ወደ ሰሌዳው እንዳይቀርብ እንለምናለን። ጢስ ያቀባው ከሆነ ጥቂት ሳሙና ይበቃዋል። በበጋ ውኃ ከሩቅ በጀርባ የሚመጣ መሆኑን አልዘነጋንም፤ ለባለ 10 ዋት ሰሌዳ ግን ግማሽ ሊትር የሚበቃ ሲሆን፥ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ደግሞ ጤዛው ራሱ መስተዋቱን አርሶ ስለሚያድር ጨርቅ ብቻ ይዞ መውጣት ነው። ይህ ጤዛ ሳይታበስ ከደረቀ ግን አቧራውን ለውሶ እንደ ምርጊት ያጣብቀዋልና፥ ያው ውኃ ለተጋ ሰው ረዳት ለቸለተኛ ደግሞ ጠላት ይሆናል። በእኛ ግምት ከኅዳር እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ፥ ቤቱ በመኪና መንገድ ዳር ከሆነም በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። ሰሌዳው ላይ መርገጥ ወይም መደገፍ አይገባም፤ ሴሎቹ ከመስተዋቱ ሥር ሆነው ሳይታዩ ይሰነጠቃሉ።

የሚሰቀልበት ቦታም ከአጠባው ያላነሰ ነገር ነው። የማክሰኝት አገር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለ ሆነ፥ ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 15 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ለፀሐይም ለዝናብም ይስማማል። እርግጥ ነው፥ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ነገር ግን ከእነዚህ ወራት ብዙው የደመና ጊዜ ስለ ሆነ ሰሌዳውን ስለዚህ ማዞር አያሻም። ጨርሶ ተጋድሞ የተሰቀለ ሰሌዳ ግን አቧራውንም ውኃውንም አቁሮ ይይዛል። ከማድ ቤት ጢስ መራቅ አለበት። ከአውድማም ነፋስ መራቅ አለበት፤ ከኅዳር እስከ ጥር እህሉን በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ እየበተኑ እብቁን ሲለዩ፥ ከአውድማው በታች ያለ ጣራ ሁሉ ይቀባልና። የቄሱ ልጆች እኛ ከመሄዳችን በፊት ሰሌዳውን ከማድ ቤቱ ነቅለው በዋናው ቤት ጣራ ላይ በደቡብ በኩል ሰቀሉት፤ ሽቦው ሁለት ሜትር ያህል አጠረና ከጎረቤት ተዋሱ።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መግቢያ የሚጥለው ካፊያ ብዙ ሰው ያታልላል። ዘነበ ተብሎ ሰሌዳው ይተዋል፤ ካፊያው ግን አቧራውን አያወርደውም፤ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ጭቃ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ ከካፊያው በማግስቱ አንድ ጊዜ መታበስ ያስፈልገዋል። የሐምሌው ብርቱ ዝናብ ከመጣ በኋላ መስተዋቱን የሚያጥበው ዝናቡ ራሱ ነው፤ እስከ መስከረም ድረስ ከቤቱ ሰው የሚጠበቀው፥ ጭቃው የሚሰበሰብበትን የታችኛውን ጠርዝ መመልከት ብቻ ነው።